የወሊድ መቆጣጠሪያ ለመምረጥ፦ ከዘዴው ስም በፊት ምን ይጠየቅ?

ሲስተር አዋላጅ

ሰላም ለቤቱ። «የትኛው መከላከያ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ እዚህ በተነሳ ቁጥር መልሱ «እገሊት ዴፖ ተወግታ ወፈረች፣ እገሊት ሉፕ አስገብታ ደም ፈሰሳት» ይሆንና ጠያቂዋ ከመጣችው ይበልጥ ግራ ተጋብታ ትሄዳለች። የአንዷ ሰውነት ለሌላዋ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ የዘዴው ስም ከመጠራቱ በፊት አራት ነገር ይጠየቅ፦ ቀጣዩን ልጅ መቼ ትፈልጊያለሽ? የወር አበባሽ ቢዛባ ምን ያስተጓጉልብሻል? ያለብሽ ሕመም ወይም የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ቀጠሮና ሰዓት መጠበቅ ይሆንልሻል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዴፖን (የሦስት ወሩን መርፌ) ከሌሎቹ ይለያል። ፒልስ (በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን) ሲቆም፣ ሉፕ (ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው) ወይም በክንድ የሚቀበረው ሲወጣ የማርገዝ አቅም ሳይዘገይ ይመለሳል። ከዴፖ በኋላ ግን ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ ወደ 10 ወር ይወስዳል፤ ከዓመት በላይ የሚጠብቁም አሉ። መካንነት አይደለም፤ መድኃኒቱ ከጡንቻ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ነው። «በሚቀጥለው ዓመት እወልዳለሁ» ለምትል ሴት ግን አይመከርም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚገባውን ያህል ሲጠየቅ አይታይም። ደም ጠብ ጠብ እያለባት ቤተ ክርስቲያን የማትገባ፣ ቁርባን የሚቀርባት ሴት አለች። ሙስሊሟ ደግሞ ሶላቷና ጾሟ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ለእነዚህ ሴቶች «ግድ የለሽም፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎ መላክ በሦስተኛው ወር አውጡልኝ ብላ እንድትመለስ ማድረግ ነው። እውነቱ ቀድሞ ይነገራት፦

በክንድ የሚቀበረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙን ያዛባል። ጥቂት ጥቂት እያለ ከ8 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ብዙዎች ላይ ከዓመት በኋላ ይቀንሳል፤ አንድ ቀጭን ዘንግ ብቻ ባለው ዓይነት ግን እስከ መጨረሻው ሳይስተካከል የሚቆይባቸው አሉ። ዴፖም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያዛባል፤ በዓመቱ ግማሽ ያህሉ ተጠቃሚዎች ጭራሽ ደም ማየት ያቆማሉ። «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» የሚባለው ስህተት ነው፤ የማኅፀኑ ግድግዳ ስለማይወፍር የሚፈስ ነገር የለም። የመዳብ ሉፕ ጊዜውን አያዛባም፣ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ድረስ ደሙን ያበዛል፣ ቁርጠቱንም ይጨምራል። ድርብ ሆርሞን ያለው ፒልስ ደሙን ጊዜውን ጠብቆ እንዲመጣ ያደርጋል፣ ይቀንሰዋልም።

እንግዲህ የደሟ ቀን መታወቁ ግድ ለሆነባት ሴት የሚቀርበው ፒልስ ነው። የደም ማነስ ከሌለባት ደግሞ ሉፕ።

ፋርማሲስት ከፒያሳ

ሲስተር፣ ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዘው። መድኃኒት ቤት ስትመጣ ማንም ሳይጠይቃት የምትሄደው እዚህ ላይ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ፒልስም በክንድ የሚቀበረውም አቅማቸው ይወርዳል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንዲሁ፦ ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን። እኛ አገር ፌኖባርቢታል በሰፊው ስለሚታዘዝ ይህን አስምሩበት። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ኤፋቪሬንዝ በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል፤ ዶሉቴግራቪር ላይ ያሉ ሴቶች ግን ይህ ስጋት የለባቸውም።

ለእነዚህ ሁሉ ዴፖ እና የመዳብ ሉፕ አቅማቸው አይነካም። ዴፖውን «መድኃኒት ላይ ነኝ» ብላችሁ ቀድማችሁ መወጋት አያስፈልግም፤ በተለመደው ቀጠሮ ይሰጣል።

በተቃራኒው አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ የወባ መድኃኒት ፒልስን አያበላሹም። በዚህ ፍርሃት ፒልሷን አቁማ የምታረግዝ ሴት መኖሯ ያሳዝናል።

የልጅ እናት

ጡት ለሚያጠቡ የቱ ይሆናል? አንዳንዱ «ማጥባቱ ራሱ ይከላከላል» ይላል።

ሲስተር አዋላጅ

እህቴ፣ ይከላከላል፤ ግን ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲሟላ ብቻ ነው። ልጁ ከ6 ወር በታች መሆን አለበት፣ ከወሊድ በኋላ የወር አበባ አልመጣም፣ ልጁም ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ይጠባል። ውኃ፣ አጥሚት፣ ጡጦ ሲጀመር ወይም ደም አንድ ጊዜ ሲመጣ ያበቃል። ሦስቱ ሲሟሉ ከ100 እናቶች በ6 ወር ውስጥ የሚያረግዙት 1 ወይም 2 ቢሆኑ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ልጁ 4 ወር ሲሞላው ምግብ አስጀምረው በዚያው እምነት ሲቀጥሉ ነው።

ከዚያ ውጪ ሉፕ ከወለዱ በ48 ሰዓት ውስጥ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ሊገባ ይችላል። ያ ካለፈ 4 ሳምንት ይጠበቃል፤ በመሐል ያለው ጊዜ የመውጣት ዕድሉን ስለሚጨምር ነው። በክንድ የሚቀበረው ከሆስፒታል ሳትወጪ ሊገባልሽ ይችላል፤ ወተት አይቀንስም። ዴፖ ለምታጠባ እናት ከ6 ሳምንት በኋላ ይጀመራል። ድርብ ሆርሞን ያለው ፒልስ ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ባይወሰድ ይመረጣል፣ ከ6 ሳምንት በፊት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ለሚያጠቡ ተብሎ የተዘጋጀ ባለ አንድ ሆርሞን ፒልስ አለ፤ 28ቱም ፍሬ መድኃኒት ስለሆነ ያለ ዕረፍት ነው የሚዋጠው።

ጤና ኤክስቴንሽን ከገጠር

ቀጠሮ መጠበቅን በተመለከተ። ዴፖ «የሦስት ወር» ይባላል እንጂ ቆጠራው 13 ሳምንት ነው፣ 91 ቀን። በእኛ አቆጣጠር ሦስት ወር 90 ቀን ስለሆነ አንድ ቀን ይጨመራል፦ ኅዳር 5 የተወጋች የካቲት 6 ትመጣለች። ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን ይለወጣል። ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ሐምሌ 10 የተወጋች ቀጠሮዋ ጥቅምት 6 ነው፤ «ሦስት ወር» ብላ ጥቅምት 10 ከቆጠረች 4 ቀን አልፏል። ሰነፍ የማይስተው መንገድ አለ፤ 13 ሳምንት ማለት ያው የሳምንቱ ቀን ነው። ማክሰኞ ከተወጋሽ ቀጠሮሽም ማክሰኞ ይውላል። ካርዱ ላይ ሌላ ቀን ካየሽ ጠይቂ።

እስከ 2 ሳምንት ቀድሞ፣ እስከ 4 ሳምንት ዘግይቶ መወጋት ይቻላል፤ ሌላ መከላከያ መጨመር አያስፈልግም። ከ4 ሳምንት ካለፈ እርግዝና አለመኖሩ ይጣራል፣ ከመርፌው በኋላም ለ7 ቀን ኮንዶም።

ሁለት ነገር ደግሞ ባለሙያው ፊት እዩ። ጠርሙሱ በደንብ መናወጥ አለበት፤ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጣል፣ ካልተናወጠ ሙሉ መጠኑ ወደ መርፌው አይገባም። ከተወጋችሁ በኋላ ደግሞ ቦታውን አታሹት። ሲታሽ መድኃኒቱ ቶሎ ይበተንና ዕድሜው ያጥራል። ሞቅ ባለ ፎጣ የሚያሹ እናቶች አሉ፣ ለደግ አስበው ነው፣ ግን ተዉ በሏቸው።

በክንድ ስለሚቀበረው፦ ባለ 1 ዘንጉ (ኢምፕላኖን) 3 ዓመት ያገለግላል፣ ባለ 2 ዘንጉ ጃዴል 5 ዓመት። ባለ 2 ሆኖ ለ3 ዓመት የሚሰጥም ስላለ ቁጥሩን በእጅ ዳስሳችሁ ዓመቱን አትገምቱ፣ ካርዱን እዩ። ዘንጉ የክብሪት እንጨት ያህላል፣ የሚገባውም በማትሠሩበት ክንድ ውስጠኛ ጎን ከቆዳው ሥር ብቻ ነው። ማደንዘዣ ተወግቶ ስለሚገባ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ገብቶ እንዳለቀ ባለሙያውም እናንተም በጣት መዳሰስ አለባችሁ። ካልተዳሰሰ አልገባ ይሆናል ወይም ጠልቆ ገብቷል፤ እስኪጣራ ኮንዶም። ቦታው ለ4 ቀን ውኃ አይንካው፤ ውጭ ያለው ፋሻ በ2 ቀን ይፈታል፣ ትንሿ ፕላስተር በ5ኛው ቀን።

«ክንዴ ከባድ ሥራ አይችልም» የሚባለውን በየቤቱ እንሰማለን። ጠባሳው እስኪድን ጥቂት ቀን መጠንቀቅ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ ውኃ መቅዳትም፣ እንጨት መሸከምም፣ አረም ማረምም ይቻላል። ወደ ልብም ወደ አንጎልም አይሄድም፤ በትክክል ከገባ የገባበት ቦታ ይገኛል።

ታዛቢ

ያልወለደች ልጅ ሉፕ አይፈቀድላትም ሲባል ሰምቻለሁ። ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ «ሰውነት እንዲያርፍ» ማቋረጥ ያስፈልጋል ይባላል። እውነት ነው?

ዶክተር ጠቅላላ ሐኪም

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ያልወለደች ሴት ሉፕ ማስገባት ትችላለች። ማኅፀኗ ጠበብ ስለሚል ሲገባ ትንሽ ያማታል፣ የመውጣት ዕድሉም በመጠኑ ይጨምራል። ሉፕ የሚከለከለው በጊዜው የማኅፀን ወይም የአባላዘር ኢንፌክሽን ላለባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ለሚፈሳት፣ የማኅፀን በር ካንሰር ላለባት ነው። ሰውነትን ለማሳረፍ ማቋረጥም የሕክምና መሠረት የለውም፤ ያልታሰበ እርግዝና የሚመጣው በዚያ «ዕረፍት» መሐል ነው።

ስለ ፒልስ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ድርብ ሆርሞን ያለው ፒልስ ግፊት ሳይለካ መጀመር የለበትም። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ዘዴ ይመረጥ፤ ከ160/100 ጀምሮ ክልክል ነው። በእግር ወይም በሳንባ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ የነበረባት፣ የጡት ካንሰር ያለባት፣ 35 ዓመት ሞልቷት ሲጋራ የምታጨስ አትወስድም። ማይግሬን ሲባልም «ራሴን ያመኛል» ብቻ አይበቃም። ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ዓይኗ ላይ የሚብለጨለጭ መስመር የሚታያት ወይም አንድ ጎኗ የሚደነዝዛት ከሆነ ስትሮክ ስለሚያሰጋት ይህ ፒልስ ለእሷ አይሆንም። ለእነዚህ ሁሉ የመዳብ ሉፕ አለ።

ቁጥር ለምትወዱ፦ በተለመደው የሰው አጠቃቀም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች የሚያረግዙት በዴፖ ወደ 4፣ በፒልስ ወደ 7፣ በኮንዶም ወደ 13፣ ከውጭ በመጨረስ ወደ 20 ናቸው። በሉፕ ከ1 በታች ነው፤ በክንድ በሚቀበረው ደግሞ ከ1,000 አንዷ ገደማ። ያለ ምንም መከላከያ 85። ልዩነቱ የመድኃኒቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ሉፕና በክንድ የሚቀበረው የሰው ማስታወስ አያስፈልጋቸውም፤ ፒልስ በየቀኑ ያስፈልገዋል።

ሌላው የሚያናድደኝ ጉዳይ «የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ» ብሎ መመለስ ነው። ሩቅ መንገድ በእግሯ የመጣች ሴት ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች። ከሚከተሉት አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ፣ የእርግዝና ምልክትም ከሌላት፣ የዚያኑ ዕለት መጀመር ትችላለች፦ የወር አበባዋ ከጀመረ 7 ቀን አልሞላም፤ ከወለደች 4 ሳምንት አልሞላም፤ ካስወረዳት 7 ቀን አልሞላም፤ ካለፈው የወር አበባዋ ወይም ከወሊድ ወዲህ ግንኙነት አላደረገችም፤ ሲስተር የጠቀሰችው የማጥባት ሁኔታ ተሟልቶላታል፤ ወይም እስካሁን አስተማማኝ መከላከያ በትክክል ስትጠቀም ነበር። ፒልስ የወር አበባ በመጣ በ5 ቀን፣ ዴፖና በክንድ የሚቀበረው በ7 ቀን ውስጥ ከተጀመሩ ወዲያው ይሠራሉ። ከዚያ ካለፈ ለ7 ቀን ኮንዶም ይጨመራል። የመዳብ ሉፕ በማንኛውም ቀን ቢገባ ወዲያው ይሠራል።

ባለትዳር

ለወንዱስ የሚቀርበው ምንድን ነው? ሁሉም ነገር እሷ ላይ ሲወድቅ ልክ አይመስለኝም።

ፋርማሲስት ከፒያሳ

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከእርግዝናም ከአባላዘር በሽታም ከኤች አይ ቪም አብሮ የሚከላከለው ኮንዶም ብቻ ነው፤ ሌላ ዘዴ ላይ ያለች ሴትም ቢሆን የበሽታ ስጋት ካለ ኮንዶም ይጨመራል። የሚቀደደው በአብዛኛው በአያያዝ ነው። ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ የምግብ ዘይት፣ ሎሽን ላቴክሱን ያሳሳዋል፤ ማለስለሻ ካስፈለገ ውኃ ወለድ የሆነውን ግዙ። ቦርሳ ኪስ ውስጥ እየተሞቀና እየታሸ የከረመ አይታመንም። ጫፉ ላይ ያለው አየር ተጨምቆ ይለበሳል፣ ብልት ሳይለዝብ ሥሩን ይዞ ይወጣል።

ልጅ ይብቃን ላሉ ባልና ሚስት ደግሞ የወንድ የዘር ቱቦ ማስቋጠር አለ፤ ከሴቷ ቀዶ ሕክምና ይቀላል። ወሲባዊ ስሜትን አይቀንስም፤ ፈሳሹም ይወጣል፣ ዘር ግን የለበትም። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ግን ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስላለ ሌላ መከላከያ ግድ ነው። ቋሚ ነውና «ምናልባት» የሚል ሐሳብ ካለ አይሠራ።

ቀን መቁጠርም የሁለት ሰው ሥራ ነው። የወር አበባዋ ከ26 እስከ 32 ቀን እየዞረ ለሚመጣ ሴት ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ድረስ መታቀብ ወይም ኮንዶም። 1ኛ ቀን የሚባለው ደም የታየበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ዑደቷ ለሚዋዥቅ፣ በቅርቡ ለወለደች ወይም ዴፖ ላቆመች አይሆንም።

ሰላም አዳማ

ፒልስ የረሳችስ? በጾም ጊዜስ? ፖስት ፒልስ?

ፋርማሲስት ከፒያሳ

ድርብ ሆርሞን ባለው ባለ 28 ፍሬው ላይ 21ዱ ሆርሞን ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ቀለማቸው የተለየ 7ቱ የብረት ናቸው። ከብረቶቹ የተረሳ ቢኖር ጣሉት፣ ችግር የለውም። ከሆርሞኑ 1 ወይም 2 ከተረሳ ባስታወሳችሁ ሰዓት አንዱን ውጣችሁ በተለመደው ሰዓት መቀጠል ነው፤ በአንድ ቀን 2 መዋጥ ቢያጋጥምም ጉዳት የለውም። በተከታታይ 3 እና ከዚያ በላይ ከተረሳ አንድ ውጣችሁ ቀጥሉ፣ ለ7 ቀን ኮንዶም ጨምሩ። ይህ የሆነው በ3ኛው ሳምንት ከሆነ ሆርሞኑን ጨርሳችሁ ብረቶቹን ሳትወስዱ በማግሥቱ አዲስ ማሸጊያ ክፈቱ። በጣም አደገኛው መርሳት በሁለት ማሸጊያዎች መሐል ያለው ነው፤ አዲሱን 2 ወይም 3 ቀን አዘግይቶ መጀመር። ስለዚህ ቀጣዩ ማሸጊያ አሮጌው ሳያልቅ ቤት ይግባ። ውጣችሁ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ሌላ ዋጡ።

ለጾም፣ ገና ስትጀምሩ የማታ ሰዓት ምረጡ። ረመዳንም መጣ፣ ዐቢይ ጾምም ገባ፣ ማታ ከመኝታ በፊት የሚዋጠው አይነካም። ማቅለሽለሹንም በእንቅልፍ ታልፉታላችሁ።

ፖስት ፒል ግንኙነት በተደረገ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በ1ኛው ቀን የተወሰደው ከ3ኛው ቀን በጣም ይሻላል። ባለ 2 ፍሬው እያንዳንዱ ፍሬ 0.75 ሚሊግራም ስለሆነ ሁለቱንም በአንዴ መዋጥ ይቻላል። ሪፋምፒሲን፣ ፌኖባርቢታል ወይም ኤፋቪሬንዝ የምትወስድ ሴት እጥፍ ያስፈልጋታል፣ 3 ሚሊግራም። የተረገዘ ጽንስ አያስወርድም፤ የሚያደርገው እንቁላል እንዳይለቀቅ ማዘግየት ነው፤ ስለዚህም ከወሰዳችሁ በኋላ ባለው ግንኙነት ላይ አይከላከልም። በየሳምንቱ የሚገዙት እህቶች የሚያወጡት ገንዘብ ያሳዝነኛል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ከሚሰጠው ሁሉ ያነሰ መከላከያ በውድ እየገዙ ነው። ፖስት ፒል በዋጡበት ቀን ፒልስ፣ ዴፖ ወይም በክንድ የሚቀበረውን መጀመር ይቻላል። ግንኙነቱ ከተደረገ 5 ቀን ካልሞላው ደግሞ የመዳብ ሉፕ ከየትኛውም ክኒን ይበልጣል፣ ለዓመታትም ይቀጥላል።

ከቤሩት

እዚህ ስደት ላይ ላሉ አንድ የሚጠቅም ነገር ላክል። አገር ቤት የተሰጠ ካርድ ላይ ዓመቱ በኢትዮጵያ ነው የሚጻፈው። «2016» ተብሎ የተጻፈን የውጭ ሐኪም በራሱ አቆጣጠር ያነበውና ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል ይላል፤ ወይም ያላለፈውን ያወጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ካርዱን ሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍበት አድርጉ፣ የዘዴውን ስም በላቲን ፊደል አስጽፉ፣ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ኮንትራታችሁ 2 ዓመት ሆኖ በክንድ ያለው ሊያልቅ 6 ወር የቀረው ከሆነ አስቀይራችሁ ውጡ።

ሲስተር አዋላጅ

እህቴ፣ ይህ ወርቅ ነው፤ ለሚሄዱት ሁሉ እንነግራለን።

ደም ለሚበዛባቸው ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከማስወጣት በፊት የሚሞከር ነገር አለ። በዴፖ ወይም በክንድ በሚቀበረው የመጣ ደም ሲበረታ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለ5 ቀን ይታዘዛል። ጨጓራ ያለባት አትውሰድ። ካልተሻለና ግፊቷ ደህና ከሆነ ድርብ ሆርሞን ያለው ፒልስ ለ21 ቀን ይሰጣታል። ሁለቱም ለጊዜው ያስታግሳሉ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደሉም፤ ከዚያ በኋላም ካስቸገራት እና «አውጡልኝ» ካለች ይወጣላታል። ጊዜው አልሞላም ብሎ መከልከል አይቻልም፣ ባሏን ጠርቶ ማስፈቀድም አያስፈልግም። ጤና ኬላ ላይ የገባ ማስወጫው ጤና ጣቢያ ሊሆን ስለሚችል ስታስገቡ «የት ነው የሚወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሉፕ ያላት ሴት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው አንዴ ትታይ። በዚህ ጊዜ ከሉፑ ወደ ማኅፀን በር የሚወርደው ክር ካልተገኘ እስኪጣራ ኮንዶም፤ አልትራሳውንድ ያሳየዋል። የወር አበባ ቀርቶ ከሆድ በታች በአንድ ጎን ኃይለኛ ሕመም ከመጣ ከማኅፀን ውጭ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። ፒልስ ላይ ያለችም አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም እይታዋ ከተዛባ ፒልሱን አቁማ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ፤ እዚያም የምትወስደውን ማሸጊያ ይዛ ታሳይ።